ከመንገድ በፊት ያለችው ሰዓት

«መንገድ የሚጀምረው ከደጃፍ ነው» ይላሉ አባቶችና እናቶች። እኛ ግን መንገደኛ ስንባል የምናስበው ሻንጣውን፣ ስንቁንና የምንደርስበትን አገር ብቻ ነው። ከቤት ከወጣንበት ጊዜ አንሥቶ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ፣ ወይም አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ ያለችውን ሰዓት እንደ ባዶ ጊዜ እንቆጥራታለን። ሆኖም ልጅ ላዘለች፣ ወላጅ ለምትጦር ወይም ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት የቀኑ ሙሉ ጤንነት የሚወሰነው በዚያች ሰዓት ነው። ይህን የተማርኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የመንገደኛ መጠበቂያዎችን ባወቅሁ ጊዜ ነው፤ አንዱን በስልክ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በዓይኔ።

ከሶፋ ላይ የመጣ ስልክ

ታናሽ እህቴ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ስትሄድ ቤተሰቡ በሙሉ ቦሌ ድረስ ሸኛት። እናታችንም ለዓይኗ ሕክምና ከደብረ ማርቆስ መጥታ ስለነበር አብራን ነበረች። ሸኚ ከበሩ አልፎ ስለማይገባ፣ ከውጭ ሆነን እጃችንን አወዛወዝንና አንገታችንን ደፍተን ተመለስን። ገና ታክሲ ሳንይዝ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«እትዬ፣ ያስገቡኝን ቤት ብታዪው!» አለችኝ። ቀጣሪዎቿ የገዙላት ትኬት ከፍ ካለው ማዕረግ ስለነበር፣ «ላውንጅ» በሚባለው ማረፊያ ክፍል እንድትቆይ ተጋብዛለች። ሶፋው ሰውን ይውጣል አለች፤ ምግቡ ትኩስ ነው፣ ፍራፍሬው ተከምሯል፣ ቡና እንደ አገር ቤት ይፈላል፣ ገላ መታጠቢያም አለው። እኔ እየሰማሁ ስደነቅ እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ልጄ፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ሰው ስለ ሶፋና ስለ ቡና ሲያወራ የእሷ ጥያቄ እንደ ባላገር ጨዋታ ታየን። የጥያቄው ክብደት የገባኝ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ስለ ላውንጅ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ዛሬ ከየቤቱ አንድ ሰው በቦሌ በኩል ያልፋል። ይህ ዓይነቱ ክፍል የተጀመረው አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ ለተመረጡ እንግዶቹ ክበብ በከፈተ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የሚገባበት የተጠራ ሰው ብቻ ነበር። አሁን ግን ቢዝነስ በሚባለው ማዕረግ የሚጓዝ፣ ብዙ ጊዜ በመብረር ከፍ ያለ የአባልነት ካርድ ያገኘ፣ በአንዳንድ ቦታም ገንዘብ የሚከፍል ይገባበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ቦሌ ላይ «ክላውድ ናይን» የሚባል ማረፊያ አለው።

ከላውንጅ ምን ይጠበቃል? መቀመጫ፣ ምግብና መጠጥ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የስልክ ኃይል መሙያና ጸጥታ ይጠበቃል። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ጸጥታ ሲባል በብዙዎቹ ላውንጆች ውስጥ «አውሮፕላኑ ሊነሣ ነው» ብሎ የሚጣራ የለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ እየተመለከተ በጊዜው መነሣት ያለበት ራሱ መንገደኛው ነው። በምቾቱ ተኝቶ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

ላውንጅ ያልተጠራውም መንገደኛ ሜዳ ላይ አይቀርም። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የቦሌ ማስፋፊያ ማረፊያውን በዓመት 22 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ እንዲያስተናግድ አድርጎታል። በጋራው አዳራሽ ውስጥ ወንበርም መጸዳጃም አለ። ልዩነቱ የወንበሩ ልስላሴና የምግቡ ዋጋ ነው እንጂ፣ ለመንገደኛው ሰውነት የሚያስፈልገው ዋና ነገር በሁለቱም ቦታ ታስቦለታል።

ተራ ያለው ተራ

እናቴን ወደ ደብረ ማርቆስ የምንመልስበት ቀን ደረሰ። የአምስት ዓመቱ ልጄም አያቱን ለመሸኘት ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረ፤ ሁለታችንም አብረናት ልንሄድ ተስማማን። ልጁ ማታ ልብሱን እያዘጋጀሁለት ሳለ፣ «እማ፣ እኛስ ሶፋው ላይ ነው የምንጠብቀው?» አለኝ። «እኛ የምንጠብቀው መርካቶ ነው» አልኩት።

የዱሮ የአዲስ አበባ ሰዎች እንደሚያስታውሱት አውሮፕላንም ቢሆን በአንድ ዘመን ከመርካቶ ብዙ አይርቅም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር፣ የከተማው ማረፊያ በልደታ በኩል ያለው ሜዳ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ጄት አውሮፕላን ሲመጣ ያ ሜዳ አልበቃ ስላለ ቦሌ ተሠራ። አካባቢው ግን እስከ ዛሬ «አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ» እየተባለ ይጠራል። የአገር ውስጡ መንገደኛ ደጅ ደግሞ ለረጅም ዘመን አዲስ ከተማ የሚገኘው አውቶቡስ ተራ ሆኖ ኖሯል።

መርካቶ አሁን ባለበት ቦታ የተመሠረተው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ይቆም የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወረ ጊዜ ነው። ስሙም ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው «ገበያ» ነው። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው በየሸቀጡ ተሰባስቦ ተራ ያዘ፤ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ተባለ። ለሰው ሲደርስ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ሆነ። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እንኳ፣ በዚያ በኩል ካሉት ጣቢያዎች አንዱ የተሰየመው በዚሁ ስም ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደረስን። መርካቶ ቀን እንደምናውቃት አይደለችም። ሱቆቹ ተቆልፈዋል፤ ዘበኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት ይሞቃሉ፤ ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚሰማው የጸሎት ድምፅ በብርዱ አየር ላይ ይገናኛል። በመናኸሪያው በር አካባቢ ግን ቀን የሆነ ይመስላል። ጆንያ የተሸከመ፣ ዶሮ በእጁ ያንጠለጠለ፣ ፍራሽ የጠቀለለ፣ ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች፣ ሁሉም በሩ እስኪከፈት ቆሟል። ተሸካሚዎች «ልያዝልሽ፣ እናቴ!» እያሉ ይሯሯጣሉ። በግንቡ ጥግ ሻይ ሻጮች ከሰላቸውን አቀጣጥለው፣ ፔርሙዛቸውን ደርድረው፣ ዳቦና ቆሎ ይዘው ተቀምጠዋል።

በሩ ተከፍቶ ሰው ሲገባ ሌላው ዓለም ይጀምራል። ረዳቶች «ማርቆስ! ማርቆስ! ጅማ! ነቀምት!» ይላሉ። የአውቶቡሶቹ ሞተር ያጓራል፤ ዕቃ ወደ ፖርቶ መጋላው ይወጣል፤ በዕቃ ዋጋ ክርክር ይነሣል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ክርክሩ በሳቅ ያልቃል። እንደ ላውንጁ ሰሌዳ የለም፤ ነገር ግን ጆሮ ያለው ሰው አውቶቡስ አያመልጠውም። ልጄ ዓይኑ እየተቅበዘበዘ፣ «እማ፣ ይሄ ይሻላል!» አለኝ። ለእሱ እውነቱን ነበር።

እናቴ ያልጠጣችው ውሃ

ዕቃችንን ሊያስጭን ከወጣው ረዳት ጋር ስነጋገር እናቴና ልጄ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጠው ነበር። ድንገት ልጄ «እማ፣ አያቴ ተኛች!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስል እናቴ ወደ ጎኗ ዘንበል ብላለች፤ ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል፤ ከንፈሯ ነጥቷል፤ ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል። ስጠራት ትሰማኛለች፣ ነገር ግን ለመነሣት አቅም አጣች።

ከእኔ ቀድማ የደረሰችው ከግንቡ ጥግ የነበረችው ሻይ ሻጭ ናት። ከሰሏን ጥላ መጣች። አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ እናቴን በጀርባዋ አስተኛቻት፤ መቀነቷን አላላችላት፤ እግሯን ከፍ አድርጋ በጆንያው ላይ አሳረፈችው። ሰዉንም «አየር ስጡዋት!» ብላ በተነች። እናቴ ነቃ ብላ መዋጥ መቻሏን ካየች በኋላ፣ ፈልቶ በበረደ ውሃ ላይ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምራ በማንኪያ ቀስ እያለች ሰጠቻት።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ውሃ ያልጠጡት?» ስትል ጠየቀቻት።

እናቴ አፈረች። ወዲያና ወዲህ አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከትናንት እኩለ ቀን» አለች።

ደነገጥኩ። ማታ እራት ላይ ጠላውን «ይበቃኛል» ያለችው፣ ሌሊት ሻይ ሳፈላላት «ጾም ነው ብለሽ አስቢው» ያለችኝ ለካ በሐሳብ ነው። «ለምን እማዬ?» ብላት፣ «ልጄ፣ መንገድ ላይ ምን ልሆን ነው? ሾፌሩን አቁምልኝ ብዬ ላስቸግር? ወንድ ሁሉ እያየ?» አለችኝ። ከሦስት ቀን በፊት በስልክ የጠየቀችው ጥያቄ በዚያች ሰዓት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

ሻይ ሻጯ አልተገረመችም። «እህቴ፣ እኔ እዚህ ስቀመጥ ዓመታት አለፉኝ» አለችኝ። «ሻዬን የሚገዙኝ ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹን ጠጡ ስላቸው ‹ከደረስኩ በኋላ› ይሉኛል። እርጉዟም፣ የምታጠባውም እንዲሁ ናት። ማን እንደሚደርስና ማን እንደሚወድቅ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው።»

እናቴን ደግፋ እዚያው አቅራቢያ የምታውቃቸው ሰዎች ግቢ ወሰደቻት፤ እስክትጨርስም በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። በዚህ ጊዜ የእኛ አውቶቡስ ሞልቶ ለመውጣት ተራው ደርሷል። ረዳቱን «ወንድሜ፣ እናቴ ታማብኝ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ» ብዬ ለመንኩት። ከውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ግን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «እናት የሌለው ማን አለ? ትጠበቅ!» አሉ። ማጉረምረሙ ቆመ። እናቴ መጣች። ለሻይ ሻጯ ገንዘብ ልሰጣት እጄን ብዘረጋ የወሰደችው የአንድ ብርጭቆ ሻይ ሒሳብ ብቻ ነው። «ከጎጃም ስትመለሺ እንዴት እንደሆኑ ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈን፣ ጎሐ ጽዮን ከመድረሳችን በፊት ረዳቱ ሾፌሩን አነጋግሮ፣ «ለእናታችን እንቆማለን፤ መውረድ የሚፈልግ ይውረድ» አለ። አውቶቡሱ ቆመ። ወንዶቹ ወዲያው ወረዱ። ከሴቶቹ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ሁሉም ወደ መስኮት ይመለከታሉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና ወረደች። እኔም ተከተልኳት። ዞር ብዬ ስመለከት አንዲት ነፍሰ ጡር ተነሥታለች፤ ከእሷ ኋላ ሕፃን ያዘለች፣ ከዚያ ሁለት ተማሪዎች፣ ከዚያ ሌሎችም። ቁጥቋጦው አጠገብ በየተራ ነጠላ ዘርግተን እርስ በርሳችን ተከላለልን። ስንመለስ ሁላችንም እንሣሣቅ ነበር። ለካ አውቶቡሱ ውስጥ የነበርን ሴቶች በሙሉ አንድ ነገር ይዘን አንዳችን ሌላችንን ስንጠብቅ ኖረናል።

የዓባይን ቁልቁለት ወርደን ቆላው ሙቀት ሲያገኘን፣ እናቴ የያዝኩላትን ውሃ ራሷ ጠይቃ ጠጣች። ደጀንን አልፈን ደብረ ማርቆስ በደኅና ገባን።

ሰውነት ምን ይላል?

ከዚያ በኋላ ይህን ጉዳይ ለአንዲት ነርስ ወዳጄ ሳጫውታት ተቆጣችኝ። ውሃ ሳይጠጡ መዋል ደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ራስን መሳት ያስከትላል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሰውነታቸው ውሃ ሲያንሰው ጥሙን ቶሎ ስለማይነግራቸው አደጋው በእነሱ ላይ ይበረታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ከሌላው ሰው የበለጠ ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ሽንትን አዘውትሮ መያዝም የሽንት ቧንቧ ሕመም እንዲመጣ በር ይከፍታል፤ በሴቶች ላይ ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ይበዛል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሳይበሉና ሳይጠጡ ረጅም መንገድ መግባት እንደሌለባቸውም አስጠንቅቃኛለች።

ሻይ ሻጯ የሠራችው ሥራም በመሠረቱ ትክክል ነው። ራሷን የሳተችን ሴት በአፏ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ሊያንቃት ይችላል። ነቅታ መዋጥ ከቻለች ግን በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይጠቅማል። በተቅማጥ ወይም በትውከት ውሃ ለጠፋበት ሰው ከፋርማሲ የሚገዛው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። ልኩን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ጨው ሲበዛ በተለይ ሕፃንን ይጎዳል።

ምን እናዘጋጅ?

እንግዲህ ላውንጅ የተጠራችውም ሆነች በመናኸሪያ ጆንያ ላይ የምትቀመጠው እህት የሚያስፈልጋት አንድ ነው። በቦሌ ሌላ ሰው ያሰበላትን፣ በመርካቶ ራሷ ማሰብ አለባት። ከደረሰብን በመነሣት የሚከተለውን ለአንባቢያት እናቶች አካፍላለሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን በሚገባ ማወቅ። የአውቶቡስ ትኬት የሚነገረን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ 11 ሰዓት ከተባለ ንጋት ማለት ነው። የአውሮፕላን ትኬት ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል። 22:30 የሚለው ለእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ይልቁንም የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ትኬቱ «ሰኞ 00:30» ካለ፣ ከቤት መውጣት ያለብን እሑድ ማታ ነው። የእኛ ቀን የሚጀምረው ከንጋት ስለሆነ ብዙ ሰው ሰኞ ማታ ሄዶ አውሮፕላኑ ትናንት እንደበረረ ይነገረዋል። ለውጭ አገር በረራ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መገኘት ይበጃል።

ሁለተኛ፣ ከየት እንደሚነሡ ማረጋገጥ። አውቶቡስ ሁሉ ከመርካቶ አይነሣም። ላምበረት፣ ቃሊቲ፣ አስኮና አየር ጤናም መናኸሪያዎች አሉ። የየመሥመሩ ድልድል ሊለወጥ ስለሚችል፣ እንዲሁም መንገዱ በዚያ ሰሞን ክፍትና ሰላማዊ መሆኑን ለማወቅ፣ በዋዜማው በአካል ሄዶ መጠየቅ ከሌሊት እንግልት ያድናል።

ሦስተኛ፣ ውሃና ምግብ። ከዋዜማው ጀምሮ እንደ ወትሮው መጠጣት፤ በመንገድ ላይም ጥቂት በጥቂት መጎንጨት። አብዝቶ የሚያሸና ነገር፣ ማለትም ቡናና ጠንካራ ሻይ፣ ከመነሣት በፊት ቢቀነስ ይሻላል። ምግቡ ቀለል ያለ ይሁን፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ለልጆች በሶ። ቅባት የበዛበት ቁርስ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያስመልሳል። ለሚያስመልሳቸው ልጆች ከፊት በኩል ያለ ወንበርና ሁለት ሦስት ፌስታል ማዘጋጀት፤ መስኮቱንም ጥቂት ከፈት ማድረግ። «ንፋስ ይመታኛል» የሚለውን ጎረቤት በመልካም ቃል ማግባባት ነው። በአውሮፕላን የሚሄዱ ደግሞ በብዙ ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ይዞ በፍተሻ ማለፍ እንደማይፈቀድ ይወቁ። ባዶ ጠርሙስ ግን ማሳለፍ ይቻላል፤ የሕፃን ወተት የያዘች እናት ለፈታሾቹ አስቀድማ ትንገር።

አራተኛ፣ መጸዳጃ። መናኸሪያ ሲደርሱ ከሁሉ አስቀድሞ የት እንደሆነ መጠየቅ፤ ቸኩሎ ሳይመጣ መሄድ። በመርካቶ ጥቂት ሳንቲም ተከፍሎባቸው በማኅበር የሚጠበቁ መጸዳጃዎች አሉ፤ የቁርስ ቤቶችም ሻይ ለጠጣ ደንበኛ አይከለክሉም። ሶፍት፣ ትንሽ ሳሙናና ሰፊ ነጠላ ከእጅ ቦርሳ አይለዩ። ነጠላው ብርድ ልብስም ነው፣ መጋረጃም ነው፣ ለሕፃን መኝታም ነው።

አምስተኛ፣ ጓዝ። መድኃኒት፣ የሕፃን ልብስ፣ ውሃና ገንዘብ ወደ ፖርቶ መጋላ ወይም ወደ አውሮፕላን ሆድ የሚገባ ዕቃ ውስጥ አይቀመጡም። ገንዘብ በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይያዝ። በልጁ ኪስ ውስጥ የወላጅ ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር፤ ግርግር ውስጥ እጁ ከእጃችን ቢለይ የሚያገኘው ሰው ለማን እንደሚደውል ያውቃል። ዕቃ ሲጫን አንድ ሰው ዕቃውን፣ ሌላው ሰው ልጁን ይጠብቅ። እኔ ሁለቱንም ለታመመች አሮጊት ትቼ መሄዴ የራሴ ጥፋት ነበር።

ስድስተኛና ዋናው፣ ማፈርን መተው። ከመነሣታችን በፊት ረዳቱን ወይም ሾፌሩን «የት የት ትቆማላችሁ?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ወይም ነፍሰ ጡር ካሉ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አንዷ ስትናገር የምትናገረው ለራሷ ብቻ እንዳልሆነ በጎሐ ጽዮን መንገድ አይተናል።

ሊታሰብበት የሚገባ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ከኮሪደር ልማቱ ጋር በየመንገዱ ዳር የሕዝብ መጸዳጃዎች መሠራታቸው ለእግረኛዋ እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ይህ አሳብ ወደ መናኸሪያዎችና ወደ ረጃጅሞቹ የአገር አቋራጭ መንገዶችም ሊሻገር ይገባዋል። ለሴቶች ለብቻው የሆነ፣ መብራትና መቀርቀሪያ ያለው መጸዳጃ፤ የሚጠጣ ውሃ፤ የምታጠባ እናት የምትቀመጥበት አግዳሚ፤ አውቶቡሱ የሚቆምባቸው ቦታዎች የተጻፉበት ሰሌዳ፤ እነዚህ ነገሮች ከሶፋ ያነሰ ወጪ ይጠይቃሉ፣ ከሶፋ የበለጠም ሰው ያድናሉ። ሾፌሮችና ረዳቶችም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ አንድ ጊዜ ለመቆም ቢስማሙና ከመነሻው ለመንገደኛው ቢናገሩ፣ ሴቶች እንደ በደለኛ አንገታቸውን ደፍተው መለመን ባላስፈለጋቸው ነበር።

ከጎጃም በተመለስን ማግስት በማለዳ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ሻይ ሻጯ በዚያው ግንብ ጥግ ከሰሏን ታራግባለች። «እማማ እንዴት ናቸው?» አለችኝ ገና ከሩቅ። «ደኅና ናት፤ ሰላምታ ልካልሻለች» አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሻይ ቀዳችልኝ። ልክ በዚያን ጊዜ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች መጥታ ከአጠገባችን አረፈች። ሻይ ሻጯ «እህቴ፣ ሻይ ላድርግልሽ?» ብትላት፣ «ከደረስኩ በኋላ» አለች።

ተያየን። እኔም ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር ላጫውትሽ» ብዬ የእናቴን ታሪክ ጀመርኩላት። ሳልጨርስ ሳቋ መጣና እጇን ለብርጭቆው ዘረጋች።